ፊልም አይቶ ያለ ይሉኝታ መናገር፤ ከሄርማታ የሬዲዮ ጠጋኝ ምክር

ጅማ ውስጥ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ፊልም እጽፋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ይዘው ሲመጡ «ጋሼ፣ የፊልም አስተያየት እንዴት ነው የሚጻፈው?» ይሉኛል። መልሴ የሚነሣው ሁልጊዜ ከሥራዬ ነው። አንድ ሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጥቶ «ተበላሽቷል» ቢለኝ ምንም አልነገረኝም። ሥዕሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቶ እንደሆነ፣ ገና ሲበራ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ የሚጠፋው፣ ይህን ከነገረኝ ግን የሥራዬን ግማሽ ሠርቶልኛል። ስለ ፊልም የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። «አልወደድኩትም» ማለት የማንም ሰው መብት ነው፤ የት ቦታ፣ ምን ሲሆን ፊልሙ እንደጣላችሁ በጣት ማሳየት ግን ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ሥራ እኔ እንዴት እንደምሠራው ነው። በሌላ መንገድ የሚሠራ ካለ አልጣላውም።

በመጀመሪያ፣ ፊልሙ እየታየ አትጻፉ። ጨለማ ውስጥ ደብተር ላይ የሚጫጭር ሰው አንዷን መስመር እስኪጨርስ ሁለት ነገር ያመልጠዋል። ከዚያ ይልቅ ፊልሙ እንዳለቀ፣ ከማንም ጋር ሳታወሩ፣ ሦስት ነገር ብቻ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ዓይናችሁ ላይ የቀረ አንድ ምስል፣ ሰዓታችሁን ያያችሁበት ቦታ፣ ሙዚቃ ያልሆነ አንድ ድምፅ። «ከማንም ጋር ሳታወሩ» ያልኩት በዋዛ አይደለም። ከፊልም በኋላ ቡና ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ የሚናገር ጓደኛ ያለው ሰው፣ ቤቱ ገብቶ የሚጽፈው የጓደኛውን ሐሳብ ነው፤ እሱ ግን የራሱ ይመስለዋል።

ምስሉ ለምን ያስፈልጋል? የኢራናዊው ማጅድ ማጅዲ «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» (እ.ኤ.አ. 1997) ጥሩ ምሳሌ ነው። የእኅቱ ጫማ ከወንድሟ እጅ ይጠፋል፤ ከዚያ ሁለቱ ልጆች ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ አንዱን ሸራ ጫማ ለሁለት እየተፈራረቁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በኋላ ልጁ የሩጫ ውድድር ውስጥ ይገባል፤ የሚፈልገው ሦስተኛ መውጣት ነው፣ የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ስለሆነ። አንደኛ ይወጣል። ዙሪያውን ሰው ሲያጨበጭብለት ልጁ ያለቅሳል። ስለ ድህነት አንድ ገጽ ሙሉ ከምትተነትኑ ይህችን ትዕይንት በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትነግሩኝ ፊልሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ይገባኛል፤ እናንተም ምን እንደነካችሁ ትገልጣላችሁ። ዓይናችሁ ላይ ምንም ምስል ካልቀረ ደግሞ እሱን ጻፉ። ሁለት ሰዓት አይቶ አንድ ምስል አለማስታወስ ራሱን የቻለ ፍርድ ነው።

ሰዓት የታየበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። መሰልቸት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊልሙ ቀስ ስለሚል የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ከማወቅ የሚመጣ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አብሮት ይቆማል እንጂ አይቸኩልም። ሰዓቴን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አንድም ጊዜ ቀድሜ አላወቅሁም። ባለርስቱ ተቀምጦ ሲያዝዝ፣ ጭሰኛው ጎንበስ ብሎ ሲሰማ፣ ዕብድ የተባለው ሰው ደግሞ ሌላው የማይደፍረውን ሲናገር እየቆየ ይከማችና መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ያ ዝግታ ባይኖር ፍንዳታው አይሰማም ነበር። እንዲህ ያለውን ፊልም ስትተቹ «ረጅም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ «ረጅም ነው፣ ርዝመቱም ይህን ሠርቷል» ወይም «ርዝመቱ ምንም አልሠራም» በሉ።

ሁለተኛውን መሰልቸት ለማወቅ ከዚህ አገር የፍቅር ፊልሞች መካከል እጃችሁ የገባውን አንዱን ክፈቱ። መኪና ይመጣል። ይቆማል። በሩ ይከፈታል። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ይወርዳል። ካሜራው ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሴትየዋ የአጥሩን ደወል ትደውላለች፣ ዘበኛው ይከፍታል፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ በግቢው ውስጥ ታልፋለች፣ ሳሎን ትደርሳለች፣ «ቁጭ በዪ» ትባላለች፣ «ምን ይምጣልሽ?» ትባላለች። ታሪኩ የሚጀምረው ውኃው ከመጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቁጠሩ፤ ከመኪናው እስከ ውኃው ስንት ደቂቃ ሄደ? ያንን ቁጥር አስተያየታችሁ ውስጥ አስገቡት። «ፊልሙ ይንዛዛል» ብትሉ አዘጋጁ «ምቀኝነት ነው» ይላችኋል። «ሴትየዋ ከመኪና ወርዳ እስክትቀመጥ ይህን ያህል ደቂቃ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ እርሷ የምናውቀው አዲስ ነገር የለም» ብትሉ ግን ሄዶ ራሱ ይለካዋል።

ድምፅን በተመለከተ ቸኩዬ አላልፍም፤ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው። በዝቅተኛ በጀት የሚሠሩ ፊልሞች ከሥዕል ይልቅ በድምፅ ይወድቃሉ፤ የዛሬ ካሜራ ርካሹም ቢሆን ደህና ሥዕል ያነሣል። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። የምትሰሙት ሰዎቹ የት እንዳሉ ይነግራችኋል? በኪራይ የተያዘ ቪላ ሳሎን ከሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ማይክሮፎኑ ከተዋናዩ ርቆ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ንግግሩ ሁሉ ገደል ውስጥ እንደተባለ ያስተጋባል። መጋረጃና ምንጣፍ ቢዘረጋ፣ ማይክሮፎኑ ቢጠጋ ይስተካከል ነበር። ሌላም አለ። እሱ ሲናገር ከኋላ የመንገድ ጫጫታ ይሰማል፣ እርሷ ስትመልስ ጸጥ ይላል፣ እንደገና እሱ ሲናገር ጫጫታው ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ቀርጸው ሲያበቁ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለብቻው ስላልቀዱ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ ክፍሉን ብቻ ቢቀዱት፣ አቀናባሪው ከሥር ዘርግቶ መገጣጠሚያውን ይሸፍንበት ነበር። ይህ ሁሉ ሲጠፋ ሰዎች የሚደርሱበት መፍትሔ ሙዚቃ ማፍሰስ ነው። ሐዘን ሲሆን ኪቦርድ፣ ናፍቆት ሲሆን ዋሽንት፣ ከዚያም ኪቦርድና ዋሽንት። ለቅሶው ውስጥ የሰው ድምፅ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳትሆኑ የፊልሙን ጥፋት ከአዳራሹ ጥፋት ለዩ። በጅማ ክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊልም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ዝናቡ ሲወርድ ተዋናዩ አፉን ይከፍታል እንጂ ምንም አይሰማም። ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የማጉያው ነው። ከሁለቱ ማጉያዎች አንዱ በተቃራኒው ሽቦ ተገናኝቶ እንደሆነ ደግሞ መካከል ላይ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ስስና ሩቅ አድርጎ ይሰማዋል፤ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ቢል ይሻለዋል። ስለዚህ ስለ ድምፅ ክፉ ከመጻፋችሁ በፊት ያንኑ ትዕይንት በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አሁንም ካስተጋባ ጻፉ።

በጀት የለንም ለሚሉኝ ሁሉ የማሳየው ፊልም የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (እ.ኤ.አ. 1957) ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከትንሽ በላይ ይሄዳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ከአንድ ክፍል አይወጣም። ለፍርድ ከተራው ሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች (ጁሪ የሚባሉት) አንድ ልጅ ነፍስ አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም እያሉ ይከራከራሉ። ሉሜት ፊልሙ በገፋ ቁጥር ሌንሱን እየረዘመ በሚሄድ ሌንስ ይቀይር ነበር፤ በዚህ የተነሣ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል፣ ክፍሉም የጠበበ። ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ይጨንቀዋል። እኔን ግን ይበልጥ ያስደሰተኝ ማራገቢያው ነው። ቀኑ ሙቅ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ አይሠራም ተብሎ ተትቷል። ውጭ ዝናብ ሲጀምርና ክፍሉ ሲጨልም አንዱ መብራት ያበራል፤ ማራገቢያውም መሽከርከር ይጀምራል። ለካ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ ኖሯል። ሰው ሁሉ ያላጣራውን ነገር «አይሠራም» ብሎ እንደፈረደበት በአንድ ማብሪያ ነገሩን፤ አንድም ሰው ንግግር አላደረገበትም። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ያየ ተቺ ከአሥር የሽልማት ዝርዝር በላይ ይጠቅመኛል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፍርዳችሁን ይዞ ይምጣ። የሲኒማ ታሪክ ከሉሚዬር ወንድማማቾች ጀምራችሁ አትተርኩልኝ። ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፤ መጨረሻውን የምትናገሩት ፍርዳችሁ በእሱ ላይ የቆመ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያን ጊዜም አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። «ሊበረታታ የሚገባው ጅምር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከደብተራችሁ ሰርዙት፤ ደራሲውም አንባቢውም ምንም አያገኙበትም፣ የሚጠቀመው ጸሐፊው ብቻ ነው፣ ከማንም ጋር ሳይጣላ ያመልጥበታል። ስለ ተዋናዮች ስትጽፉ ስለ መልካቸው አትጻፉ። ቁንጅና የተዋናይዋ ሥራ አይደለም፤ ሥራዋ ያ ሰው በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚቆም፣ ምራቁን እንዴት እንደሚውጥ፣ ውሸት ሲናገር ዓይኑ የት እንደሚሄድ ማሳየት ነው። ሽልማቶችን ወደ መጨረሻ አንቀጽ ግፏቸው።

ለምሳሌ የዚያኑ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. 2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወሰደ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አገኘ። ይህን ከፊት ካስቀመጣችሁ እጃችሁ ታስሯል። እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አንበርብር እናቱ ቤት በተቀመጠበት ሰዓት ሁሉ ይህን ፊልም እወደዋለሁ፤ ሕልም ባየ ቁጥር ግን ይርቀኛል።» በጀርመን የተማረው ሐኪም አንድ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ የሆነበትን ራሱ በቅጡ አያስታውስም፤ ስለዚህ ጊዜው ወዲያና ወዲህ መዝለሉ ተገቢ ነው፤ እኛም እንደ እሱ ግራ እንጋባለን። የሕልሙ ትዕይንት ሲደጋገም ግን የማላውቀውን አይነግረኝም። ወጣቶቹ ለጦርነት ላለመታፈስ ሲሸሸጉና መንደሩ በፍርሃት ሲያድር ምንም ሕልም አላስፈለገም፤ የደርግ ዘመን የጅማ እናቶችም ያንን ሌሊት ያውቁታል።

«ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) በተለየ ምክንያት ያስቸግራል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ የሚያሳይ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው፤ በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ጉዳዩ ትክክል ስለሆነ ፊልሙን መንቀፍ ጠላፊውን መደገፍ የሚመስላቸው አሉ። አትፍሩ፤ ሁለቱን ለዩአቸው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የጠለፋው ትዕይንት ልብ ያስደነግጣል፣ የልጅቷ ዝምታ ከሁሉም ተዋናይ በላይ ይናገራል፤ ጠበቆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግን እነርሱ አስቀድመው የሚያውቁትን ሕግ ለእኔ ሲሉ ያስረዳሉ። ሁለት የሕግ ሰዎች በራሳቸው ቢሮ እንደዚያ አይነጋገሩም። ይህን ማለቴ የልጅቷን መብት ቅንጣት ታህል አይቀንስም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) በካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ አጎትየው በጉን ለበዓል ማረድ ይፈልጋል። ልጁ ምግብ ማብሰል ይወዳል፣ ያውቅበታልም፤ አጎቱ ደግሞ ይህ የወንድ ሥራ አይደለም ብሎ ይቆጣል። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ክፍል ወርቅ ነው። እኔን ያላስደሰተኝ ካሜራው ተራራውን ከልጁ አስበልጦ የሚወድባቸው ጊዜያት መኖራቸው ነው። ያ ሁሉ አረንጓዴ ለእኛ ለጅሞች ብርቅ አይደለም፤ የልጁ እጅ ሊጥ ሲያቦካ ግን አዲስ ነበር።

ስለ ቡና በተሠራ ፊልም ላይ በዚህ ከተማ ተቺ ያልሆነ የለም። «ብላክ ጎልድ» (እ.ኤ.አ. 2006) የተባለው ዘጋቢ ፊልም የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ታደሰ መስቀላን እየተከተለ፣ ገበሬው የሚያገኘውንና በሀብታም አገሮች አንድ ስኒ የሚሸጥበትን ዋጋ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ሴቶቹ ረድፍ ሠርተው ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙበት ትዕይንት ያለ አንድ ቃል የሚያስተምር ነው፤ በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ ስንት እጅ እንዳለፈ ታያላችሁ። የምነቅፈው ደግሞ ይህን ነው፦ ጥፋቱን ሁሉ ከባሕር ማዶ ያደርገዋል። ቡና የሚሰበስበው፣ የሚያቀርበው፣ ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው የአገር ውስጥ ሰው እምብዛም አይታይም። ፊልሙን አብሮኝ ያየ አንድ የማና ወረዳ ገበሬ ሲያልቅ የጠየቀኝ ጥያቄ ስለ ኒው ዮርክ ገበያ አልነበረም፤ «ሚዛኑን ለምን አላሳዩትም?» ነው ያለኝ። ከፊልም ተቺ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነበር፤ አስተያየቴ ውስጥም የእሱ መሆኑን ገልጬ ጻፍኩት። ርእሰ ጉዳዩን በሥራው የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁት።

«ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ሐረር አካባቢ ስለ ጫትና ስለ ጫት ሠራተኞች የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የጄሲካ በሺር ካሜራ ጭስና ብርሃን ላይ የሚያደርገውን ከዚህ በፊት አላየሁም። ሁለት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ተኩል ብታደርገው ግን አንድም የጎደለ ነገር አይኖርም ነበር። አንድ የሠፈሬ ጎልማሳ «ይህ ፊልም ራሱ መርቅኗል» አለ። እኔ ከዚያ የተሻለ መግለጫ የለኝም።

የድሮዎቹን አትናቁ። በቪዲዮ ካሴት ዘመን የስንቱን ቪዲዮ ቤት ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ራስ በአልኮል እንደጠረግሁ እግዜር ያውቃል፤ እየጠረግሁም አይ ነበር። «ማዘር ኢንዲያ» (እ.ኤ.አ. 1957) ከአንድ አራጣ አበዳሪ እጅ መውጣት ያቃታት እናት ታሪክ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ከዘፈኖቹ ግማሹን ያለ ጸጸት እቆርጠዋለሁ። መጨረሻው ላይ ግን እናት የአበዳሪውን ልጅ ጠልፎ የሚሸሽ የገዛ ልጇን በጥይት ትመታዋለች። ሂንዲ አንድም ቃል የማያውቅ የገበያ ሰው ሁሉ ለምን እንደተኮሰች ይገባው ነበር። ስለ ብሩስ ሊ «ኢንተር ዘ ድራጎን» (እ.ኤ.አ. 1973) ደግሞ «የልጅ ፊልም» ብሎ የሚያፌዝ አለ፤ ታሪኩ በእውነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰውየው ሲመታ ግን ከራስ ጠጕሩ እስከ ጫማው ይታያል፤ ካሜራው ዝም ብሎ ይቆማል። የዛሬዎቹ በየሰከንዱ ምስል እየቆራረጡ ተዋናዩ መማታት አለመቻሉን ይሸፍኑበታል። ድብድብን መተቸት የምትፈልጉ፣ አንድ ምት ከመነሻው እስከ ማረፊያው ሳይቆረጥ መታየት አለመታየቱን እዩ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሩቅ ሰው ፊልም ላይ ቀላል ነው። ከባዱ የጎረቤት ልጅ ፊልም ነው። ጅማ ትልቅ ከተማ ናት ቢባልም ፈረንጅ አራዳ ላይ የተናገራችሁት ሄርማታ ሳትደርሱ ቀድሟችሁ ይደርሳል። የሠፈራችን አንድ ወጣት፣ እናቱ በኢድ ሳህን ሞልተው የሚልኩልን፣ የሠራውን ፊልም በፍላሽ አምጥቶ ሰጠኝ። አይቼ ሳበቃ አስጠራሁት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ፤ ፊቱ ግን ሌላ ይለምናል።

«እነግርሃለሁ ልጄ። የአባትየው አሟሟት አልያዘኝም። ሊሞት ሲል ሙሉ ምክር ይመክራል። የታመመ ሰው ያን ያህል ትንፋሽ ከየት ያመጣል?»

«ሰው ያለቀሰው እዚያ ላይ ነው እኮ!»

«ሊያለቅስ ይችላል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዚያ በፊት ልጅቷ መድኃኒቱን ስትገዛ ሳንቲሙ ጎድሏት ባለሱቁ ዝም ብሎ የሚሰጣት ነው። ያንን የቀረጽከው አንተ ነህ፤ ምክሩንም የጻፍከው አንተ ነህ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ዳይሬክተሩ አንተ ነህ።»

ሥርዓቱ ይኸው ነው። የምትጽፉትን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ በፊቱ ንገሩት፤ በፊቱ መናገር ያፈራችሁትን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉም አውጡት፣ ምናልባት ነቀፋ ሳይሆን ስድብ ነው። የሠራውን ሰው ትታችሁ የተሠራውን ተናገሩ። ቲኬታችሁን በገንዘባችሁ ግዙ፤ ከምርቃቱ ግብዣ በኋላ የሚጻፍ አስተያየት ሁልጊዜ ቅባት ይነካዋል። ዋጋም ይከፈላል፣ አልደብቃችሁም፤ የልጁ እናት ሰላምታ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር። ይሉኝታችሁ በጣም ካስቸገራችሁ ስለዚያ ፊልም ጨርሶ አትጻፉ፤ ዝም ማለት ከሐሰተኛ ምስጋና ይሻላል፣ ሰውም ዝምታችሁን ማንበብ ይችላል።

ኮከብ አልሰጥም። ደረጃ ለሚፈልጉ ግን የራሴ አለኝ፦ «ከኪስህ አውጥተህ እይ»፣ «ከጋበዙህ እይ»፣ «ዝናብ እስኪያባራ እይ»፣ የመጨረሻው ደግሞ «ዝናቡ ይሻላል»። በዚህ መሠረት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» እና ባለ ማራገቢያው ፊልም ከኪሳችሁ ናቸው። «ጤዛ»ም ከኪስ ነው፤ ሕልሞቹ ሲመጡ ሻይ ማፍላት ይቻላል። «ድፍረት»ን፣ «ላምብ»ንና «ብላክ ጎልድ»ን ሰው ከጋበዛችሁ እምቢ አትበሉ። «ፋያ ዳዪ»ን ዝናብ ሲይዛችሁ እዩት፤ ለእሱ ደግሞ የጅማ ሐምሌ ይበቃዋል። ብሩስ ሊን በማንኛውም የአየር ጠባይ።

ጽፋችሁ ወደ ሱቄ ስታመጡልኝ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከላይ በኩል ፊልሙን የት፣ በምን ላይ እንዳያችሁት አስፍሩ፤ አዳራሽ ነው፣ ቴሌቪዥን ነው ወይስ የተሰነጠቀ ስልክ? በስልክ ያያችሁት ከሆነ ስለ ሥዕሉ የጻፋችሁትን ከማንበቤ በፊት እሰርዘዋለሁ፤ ስለ ንግግሩ የጻፋችሁትን ግን አነባለሁ።